የመጀመሪያ ቀን ወንበር

ጡረታ ስወጣ ሰው ሁሉ «እንግዲህ እረፍ» አለኝ። እንዴት እንደሚታረፍ ግን የነገረኝ የለም። ጠዋት እነሣና የምሄድበት እንደሌለኝ የማስታውሰው ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ ነው። ያሰርኩትን ከመፍታት ወደ ከተማ መውረድ ይቀለኛል። ሆሳዕና ውስጥ ያሉትን ካፌዎችና ሆቴሎች እዞራለሁ። ሻይ አዝዤ ከሻዩ ይልቅ ያመጣውን ልጅ አያለሁ። ብርጭቆውን ሰው በሚጠጣበት አፉ በኩል ነው የያዘው ወይስ ከታች? ወደ ኩሽና ሲመለስ ባዶ እጁን ነው የሄደው ወይስ በመንገዱ ያለውን ያገለገለ ስኒ አነሣ?

ባለቤቴ አልማዝ ከእኔ ጋር ካፌ መግባት ትታለች። አንድ ቀን አስተናጋጇን ጠርቼ ስለ ጠረጴዛው ጨርቅ ስመክራት ቆይቼ ዞር ስል አልማዝ ቦርሳዋን አንግታ ደጅ ቆማለች። «የትግስት አባት፣ ይህ ቤት ያንተ አይደለም» አለችኝ። ቤታችን ውስጥ ብርጭቆ አንሥቼ ወደ መስኮቱ ሳስጠጋ ካየችኝ ደግሞ «ይህም ሆቴል አይደለም» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ምን ላድርግ?

የሚያስጨንቀኝ የብርጭቆ አያያዝ ብቻ አይደለም። ባለፈው ያስተናገደችኝ ልጅ ዛሬ የለችም፤ በእሷ ቦታ ሌላ ቆማለች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እሷም አትኖርም። ከተማችን በመስታወት ያሸበረቀ ፎቅ በላይ በላዩ እየተከለች ነው። አንዱ ሆቴል ሲከፈት የሌላው ሠራተኛ መንገድ ተሻግሮ ይገባል። ባለቤቶቹ «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላሉ። ልጆቹን ስጠይቅ «ደመወዙ አያኖርም» ይሉኛል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ሁለቱም ግን ሙሉውን አልተናገሩም። በትንሽ ደመወዝ ከአንድ ቤት ላለመውጣት ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። በተሻለ ደመወዝ ሽርጣቸውን በር ላይ ሰቅለው የጠፉም አውቃለሁ።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በልጄ በትግስት ምክንያት ነው። ትግስት የሆቴል አስተዳደር ተምራ ዱራሜ ውስጥ አንድ ሆቴል ታስተዳድራለች። መሳላ ሊደርስ ሲል ደወለችልኝ። መሳላ የከምባታ መስቀል ነው። ከአዲስ አበባም ከየትም ያለው ልጅ ወደ ወላጆቹ ይገባል፤ ሠርጉም ዕርቁም ወደዚያ ይሰበሰባል። የዱራሜ ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያን ሰሞን ነው።

«አባዬ፣ ወርቅነሽ ልትወጣ ነው» አለችኝ። ወርቅነሽ የኩሽናዋ ኃላፊ ናት። «እሷ ከወጣች ረዳቶቿም አይቆዩም። ባለቤቱ በዓሉን ያለ ኩሽና ከዋልን እኔንም እንደሚያሰናብተኝ ነግሮኛል።»

«ምን አደረግሻት?»

«ምንም። ሁሉን በሥርዓት ነው የምሠራው፤ አንተ ስትሠራ እንዳየሁህ። ናና ተቆጣልኝ። አንተን ይፈሩሃል።»

«ይፈሩሃል» ያለችው እኔን ለማክበር ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቃሉ እንደ ጠጠር ጫማዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልብሴን በቦርሳ ከተትኩ፤ አወጣሁት፤ መልሼ ከተትኩት። ሠራተኛ በምን ይያዛል? ይህን ጥያቄ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስሸከመው ኖሬያለሁ።

የተወለድኩት ሞርሲቶ አጠገብ ነው። አባቴ ሲሞት ትምህርቴን አቋርጬ ሆሳዕና ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት ሁሉ እንግዶች አልጋ ላይ ረስተውት የሄዱት ጋዜጣና መጽሐፍ ነው። የተቀጠርኩበት ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ ክፍሎቹ ግቢውን ዙሪያውን የከበቡት፣ የአውቶቡስ መንገደኛ የሚያድርበት ምድር ቤት። ባለቤቷም አስተዳዳሪዋም እትዬ አስናቀች ነበረች። አባቷ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ሀዲይኛ ትናገራለች፤ አነጋገሯ ያስቀን ነበር፤ እንድንስቅም ትተወን ነበር።

የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያ ወይም ትሪ ትሰጠኛለች ብዬ ስጠብቅ በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ስባ «ይቀመጡ» አለችኝ። ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ሌላ ሰው የለም። ተቀመጥኩ። ሻዩን ራሷ ይዛ ስትመጣ ብድግ አልኩ።

«ቁጭ ይበሉ» አለችኝ፤ «እንግዳ አይቆምም።»

የቤቱ ልማድ እንደዚያ ነበር። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀኑን እንግዳ ሆኖ ይውላል። ይታዘዘዋል፣ ምሳ ይቀርብለታል፣ አልጋ ተነጥፎለት ያርፍበታል። የሚያስተናግዱት ነገ አብረውት የሚሠሩት ናቸው። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ሆቴል ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ዋለ። ማምሻውን እትዬ አስናቀች መጥታ «ምን ጎደለዎት?» አለችኝ። «ምንም፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። «እንግዲያው ገና አልገባህም፤ ነገም እንግዳ ነህ» አለችና ሄደች።

በማግሥቱ አስተናጋጆቹ «ጌታው ዛሬም ሊያርፉ መጡ» እያሉ ሲሣሣቁብኝ ዋሉ። ማምሻውን ስትጠይቀኝ ንዴቴ አናገረኝ። ምሳ ከበላሁ በኋላ ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው ሲያወሩ ሳህኑ ፊቴ ደርቆ እንደቀረ፣ እጄን አንሥቼ መጥራት አፍሬ እንደተቀመጥኩ፣ እዚያ የሌለሁ ያህል እንደተሰማኝ ነገርኳት። ፊቷ በራ። «እንግዲህ ሥራህ ይኸው ነው» አለችኝ። «እዚህ ቤት የሌለ መስሎት የሚቀመጥ ሰው እንዳይኖር። ሌላውን ማንም ያሳይሃል።» ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የነገረኝ የለም።

እትዬ አስናቀች በፊት በር ገብታ አታውቅም። ሁልጊዜ በጓሮ፣ በኩሽናው በኩል ትገባለች፤ በመጀመሪያ ሰላም የምትለው ሳህን አጣቢዎቹን ነው። ብርጭቆ ንጹሕ መሆኑን በዓይኗ አታምንም፤ ታሸተዋለች። በደንብ ያልደረቀ ጨርቅ ብርጭቆ ላይ የሚተወውን ሽታ ዓይን አያየውም። አልጋ ስትፈትሽ አንሶላውን ትታ ትራሱን ትገለብጣለች፤ የሚያጭበረብር ሰው ከላይ ያሳምራልና። ያጠፋን ሰው በእንግዳ ፊት አትናገረውም። «እስቲ ውኃውን እንይ» ትለዋለች፤ ይዛው ወደ ታንከሩ ጀርባ ትሄዳለች። ከዚያ ምን እንደምትለው ከሁለቱ በቀር ማንም አይሰማም። ከግቢው ሲመለሱ እሷ ስለ ሌላ ነገር እያወራች ነው። እኔም «ውኃውን አይቻለሁ»፤ ከአንድ ጊዜ በላይ። ምሳ ከእኛ ጋር፣ ከእኛው ቆጮና ጎመን ትበላለች። ኦርቶዶክስ ነበረች፤ እኛ አብዛኞቻችን ፕሮቴስታንት ነን። በጾሟ ወቅት የእሷ ሳህን ብቻ ይለያል፤ ቦታዋ ግን አይለይም።

ስለ እሷ መልካሙን ብቻ ጽፌ ብተው ውሸት ይሆናል። ሁሉም ነገር በእሷ ጭንቅላትና በእሷ እጅ ነበር። የዕቃ ቤት ቁልፍ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ማን መቼ እንደሚያርፍ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እኛ የምንወደው እሷን ነበር እንጂ ቤቱን አልነበረም፤ ልዩነቱንም አናውቀውም ነበር። ስትታመም ልጆቿ ወደ አዲስ አበባ ወሰዷት፤ ቤቱ ለአንድ የሾኔ ነጋዴ ተሸጠ። ያን ጊዜ አወቅነው። ነጋዴው ሕንፃውን፣ አልጋውን፣ ድስቱን ሁሉ ተረክቧል። የእኛ ልብ ግን ከእሷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄዷል።

አዲሱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። ከእህል ንግድ የመጣ ሰው ነው፤ እህል ካልጠበቁት ይሰረቃል፣ ሰውም እንደዚያው ይመስለዋል። ኮሪደሩ ላይ ካሜራ ሰቀለ። የሠራተኛ ምሳ እንግዳ ከበላ በኋላ የተረፈው እንዲሆን አዘዘ። እኔን ሱፐርቫይዘር አደረገኝ። እኔም በእትዬ አስናቀች መንገድ ልሄድ ሞከርኩ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ በመስኮቱ በኩል አስቀምጬ አስተናገድኳት። ማምሻውን «ምን ጎደለ?» አልኳት። «ምንም» ስትለኝ በሰዓቱ ስላልመጣው ሾርባ፣ ስለ ቆሸሸው የጨው ዕቃ፣ ስላላየችው ሁሉ አፋጠጥኳት። ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ለስላሳ ሰው አይደለሁም፤ በእሷ እጅ ስጦታ የነበረው ወንበር በእኔ እጅ ፈተና ሆነ። ከዚያ በኋላ ተውኩት። ስለ እሱም ለማንም አላወራሁም።

አሁን በዚያው ነጋዴ ዘመን ወደ ነበረ አንድ ሠርግ ልምጣ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የተመኘሁበት ቀን የለም።

የአንድ የታወቀ ቤተሰብ ሠርግ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች በፊተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል። ጸሎት ተደረገ፤ «አሜን» ተባለ፤ አስተናጋጆቹ ማስታጠቢያውን ይዘው ወጡ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። ከጆጉ ለሁለት ሰው የሚሆን ውኃ ወረደና አለቀ። አስተናጋጁ ሊሞላ ሮጠ፤ ቧንቧው ደረቅ ነው። ታንከሩ ባዶ ነው። የታሸገ ውኃ ለማምጣት ዕቃ ቤቱን ብንል የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፉን ይዞ ሄዷል። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ቀስ በቀስ አንድ በአንድ ወደ ጭናቸው መለሱት። ያን እጅ ሲመለስ ማየት ስድብ ከመስማት ይብሳል። የሙሽራው አባት አልተቆጣም፤ አንገቱን ብቻ ደፋ።

በኋላ ሠራተኛውን ሰበሰብኩ። ታንከሩን የሚሞላው ሞተር ከጠዋት ጀምሮ አልሠራም ነበር። ማን አወቀ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም አውቋል። አትክልተኛው የሞተሩን ድምፅ አጥቶ ገርሞታል። አስተናጋጆቹ ፊታቸውን ሲታጠቡ የቧንቧው ኃይል መቀነሱን አይተዋል። ግቢውን የምትጠርገው ብርሃኔ ደግሞ በታንከሩ አጠገብ ስታልፍ ባዶ መሆኑን በመጥረጊያዋ እንጨት መትታ ሰምታለች። በእትዬ አስናቀች ጊዜ ብርሃኔ አንዲት አምፖል ብልጭ ካለች አገር ታሰማ የነበረች ሴት ናት።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ። በንዴት አይደለም። እንዲያው የተፈጸመውን ነገር እንደምትነግረኝ ነው። «ባለፈው ስለ ሽንት ቤቱ በር ስናገር መጥረጊያሽን ጠብቂ ተባልኩ። መጥረጊያዬን ጠብቄአለሁ።»

መጥረጊያሽን ጠብቂ የሚለው ቃል የባለቤቱ ነበር፤ ያደረሰላት አፍ ደግሞ የእኔ። ማንም ተንኮል አልሠራም። ማንም ሥራውን አላጎደለም። እያንዳንዱ የታዘዘውን ሠርቷል፤ ከዚያ አንዲት ጣት አልፎ አልሠራም። ሆቴል የሚሞተው እንደዚህ ነው። ሌባ ይጎዳዋል፣ ሰነፍ ያዘገየዋል፤ የሚገድለው ግን አይቶ ዝም የሚል ደኅና ሠራተኛ ነው። ከዚያ ሠርግ በኋላ ቤቱ ብዙም አልቆየም፤ ዛሬ የብረታ ብረት መሸጫ ነው።

የመጨረሻውን ረጅም ጊዜ የሠራሁት በሌላ ሆቴል፣ ሳሙኤል በሚባል ወጣት ሥር ነው። የተማረ ልጅ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ከእኛ ጋር ሲስቅ አላየሁትም፤ ልደትህ መቼ ነው፣ ልጆችህ እንዴት ናቸው አይልም። መጀመሪያ ላይ ይህ ልጅ ሰው ይበትናል ብዬ ነበር። የተበተነ የለም። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ሳሙኤል ሰኞ ያለው ዓርብ አይለወጥም። የበዓል ፈረቃ ሲደርስ ሠራተኛውን ሰብስቦ ባዶ ወረቀት ይሰጥና «እናንተ አውጡት፤ እኔ የምፈልገው ኩሽናው ሰው እንዲኖረው ብቻ ነው» ብሎ ይወጣል። እኛ እንጨቃጨቃለን፣ እንስማማለን። ለያሆዴ፣ ለሀዲያው መስቀል፣ የሚሠራው ሰው ማን እንደወሰነበት ስለሚያውቅ አያማርርም፤ ራሱ ነዋ። ከሳሙኤል የተማርኩት ፍቅር ያላት እትዬ አስናቀች ብቻ ሳትሆን ፍቅሩን የማያሳይ ሰውም ሠራተኛ ሊይዝ እንደሚችል ነው። እኔም በዚህ መንገድ ተቃናሁ፤ ኮስታራነቴን ባልተውም ቃሌን እጠብቅ ነበር። ትግስት ተማሪ ሳለች በክረምት እየመጣች ስሠራ ያየችኝ በዚያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ በአንጋጫ በኩል ዱራሜ ወረድኩ። ሚኒባሱ ውስጥም አላረፍኩም። ሾፌሩ በየመንደሩ ሲያቆም ለበዓል የሚገቡ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ይወርዳሉ፤ እናቶች ከእንሰቱ መሀል ብቅ ይላሉ። እኔ በልቤ ተግሣጽ አዘጋጃለሁ፤ አፈርሳለሁ።

የትግስት ሆቴል ንጹሕ ነው። ይህን ስጽፍ አባትነቴ አያዳላም፤ ብርጭቆውን አሽትቻለሁ። የፈረቃው ሰሌዳ በኮምፒዩተር ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ቢሮዋ በሩ ይዘጋል። ሠራተኞቹ ኩሽና ውስጥ ቆመው ይበላሉ። አስተናጋጁ የእንግዳ ሒሳብ ተሳስቶ ሲያመጣ ትግስት ከቢሮዋ ወጥታ በሰው ፊት «ይህ ስንተኛ ጊዜህ ነው?» አለችው። ድምፁ የእኔ ነበር። ቃሉም፣ ቅንድቡም።

ወርቅነሽን ከኩሽናው ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋት። ሠላምታ ሰጠችኝና ለእኔም በርጩማ ገፋች።

«ሊቆጡኝ መጡ?» አለችኝ።

«እንደዚያ ተብዬ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ይቆጡኝና ሽንኩርቱን ያግዙኝ።»

እየላጥን ጠየቅኳት። ወደ ሌላ ሆቴል ትሄጃለሽ ወይ ስላት ወደ ቤቴ ነው አለችኝ። ነገሩ ከአማቷ ነው። አማቷ እማማ ማርታ በቤተ ክርስቲያናቸው የተከበሩ ሴት ናቸው፤ ሆቴል ማለት መጠጥና አልጋ የሚሸጥበት ቤት ነው ብለው ያምናሉ። በእኛ አገር ይህን የሚሉ እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ጨዋ ሴቶች የሆቴል ሥራቸውን ለዘመድ በደፈናው «ቢሮ ነው» እያሉ ይኖራሉ። ወርቅነሽ ግን አልዋሸችም፤ ሥራዬ ንጹሕ ነው እያለች ስትከራከር ኖራለች። አንድ ቀን አማቷ እዚያ ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አላውቅም አለች። የማትቀመጪበት ቤት ንጹሕ መሆኑን በምን አወቅሽ አሏት። ከዚያ የመሳላ ሰሌዳ ወጣ። ስሟ በሁሉም ቀን ላይ አለ። አማቷ፣ የራሳችን እንግዳ ቤታችን ሲመጣ አንቺ ለባዕድ ስታበስይ ልትውይ ነው፤ ከሄድሽ በዚያው ቅሪ አሏት። ባሏ ከሁለቱም ጎን አልቆመም።

«ልጅዎ መጥፎ አይደለችም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ «ስሜን ግድግዳ ላይ ነው ያየሁት። ማንም አልጠየቀኝም።»

እጄ ላይ ያለው ሽንኩርት ወደቀ። የብርሃኔን «ማን ጠየቀኝ?» እንደገና ሰማሁት። ያዘጋጀሁት ተግሣጽ ለማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ለትግስት በቢሮዋ፣ በሩን ዘግቼ ነገርኳት። የወርቅነሽን አማት ነገር፣ ሠርጉን፣ የተዘረጋውን እጅ፣ ሳሙኤልንና ባዶ ወረቀቱን ሁሉ። ሳሙኤል ጊዜ ነበረው፣ በዓሉ ግን ደጅ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ብጠይቅ ማን እሺ ይለኛል ብላ ተከራከረችኝ። ስትከራከር ደስ አለኝ፤ ዝም ብትል ነበር የምሰጋው። መጨረሻ ላይ ስለ እትዬ አስናቀች ወንበር ነገርኳት።

«ይህን ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«እኔ ስሞክረው ስለተበላሸ።»

እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለች። «እኔ አዲስ ሠራተኛ የለኝም» አለች። «ያሉት የመጀመሪያ ቀናቸው አልፏል። አማቶቻቸው ግን እዚህ ቤት አንድም ቀን አልገቡም።»

ይህ ሐሳብ የእኔ አይደለም፤ የእትዬ አስናቀችም አይደለም። የእሷ ነው። የሠራተኞቹን ቤተሰቦች ምሳ ልጋብዝ ብላ ለባለቤቱ ደውላ ተሟገተችው፤ የበዓሉ እንግዶች ገና አልገቡም፣ አዳራሹ ባዶ ነው አለችው። እያጉረመረመ ፈቀደ። ሰሌዳውን ከግድግዳው ነቅላ ሠራተኞቹን ሰበሰበች፤ ባዶ ወረቀትም ሰጠቻቸው። እስኪስማሙ ድረስ ጩኸታቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር። ያም ሆኖ ወርቅነሽ ስሟን ሳትጽፍ ወጣች። ቤት ሳልጠይቅ አልጽፍም አለች።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ከምሳ በፊት፣ የሠራተኞቹ ቤተሰቦች መጡ። አባቶች ኮታቸውን፣ እናቶች ነጠላቸውን ለብሰው በሩ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መጀመሪያ የሚገባ የለም። ወርቅነሽ ጠዋት አብስላ ከጨረሰች በኋላ ሽርጧን አውልቃ የበዓል ቀሚሷን እንድትለብስ ታዘዘች። ከባሏና ከአማቷ ጋር በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። እማማ ማርታ አልተደገፉም፤ ሊነሡ እንደተዘጋጁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሠራተኞቹ ሁሉ ተቀምጠዋልና የሚያስተናግዱት ትግስት፣ የባለቤቱ ሚስትና ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እኔ በሩ አጠገብ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ሁሉን እየታዘብኩ ቆሜአለሁ።

ትግስት በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች። «አባዬ፣ ማስታጠቢያውን ያዝ» አለችኝ።

እጅ ማስታጠብ በቤቱ ውስጥ የታናሹ ሥራ ነው። በዚያ አዳራሽ በዕድሜ ከሚበልጡት አንዱ እኔ ነኝ። ልጄ በሰው ፊት ስታዘኝ ያ የመጀመሪያዋ ነው። ፊቷን አየሁት፤ አልቀለደችም፣ አልፈራችምም። ጆጉን አንሥቼ ታንከሩ ሙሉ መሆኑን ራሴ አረጋግጬ መጣሁ።

ከመስኮቱ በኩል ጀመርኩ። እማማ ማርታ ጆግ ይዤ ሲያዩኝ እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰብስበው ብድግ አሉ። ሽማግሌ አያስታጥበኝም፣ ነውር ነው፣ እኔ ላስታጥብዎ ብለው ጆጉን ሊቀበሉኝ ያዙት።

«ቁጭ ይበሉ» አልኳቸው፤ «እንግዳ አይቆምም።»

እማማ ማርታ ትንሽ አዩኝ፤ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ዘረጉ። አፈሰስኩ። ቀጥዬ ለወርቅነሽ አፈሰስኩ።

ተበላ። ትግስት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ጎንበስ ብላ «ምን ጎደለ?» ትላለች። ሁሉም «ምንም፣ ተባረኪ» ይሏታል፤ እኔ በወጣትነቴ እንዳልኩት። እማማ ማርታ ዘንድ ደረሰች። ጣታቸውን ከክትፎው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ቆጮው ደህና ነው አሉ፤ ቤቱም የሰው ቤት ይመስላል አሉ። «ክትፎው ግን ቅቤው ረግቷል። ሳህኑ ሳይሞቅ ነው የቀረበው።»

የትግስት ፊት ቀላ። ሳህኑን ያቀረቡት የጥበቃ ሠራተኞች ናቸው፤ ሳህን እንደሚሞቅ ማን ነገራቸው? ባልየው ሚስቱን አየ። ወርቅነሽ ግን ማንንም አላየችም። የበዓል ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክንዷ ሰበሰበች፤ የአማቷን ሳህን አንሥታ ተነሣች።

«ተይ፣ ዛሬ እንግዳ ነሽ» አለቻት ትግስት።

«በእኔ ኩሽና ቅቤ አይረጋም» አለችና በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

እማማ ማርታ የተወዛወዘውን በር እስኪቆም ድረስ አዩት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን ተደገፉ። ወደ እኔ ዞረው እጃቸውን እንደገና ዘረጉ።

«እንደገና ልንበላ ነው» አሉኝ፤ «ውኃው የታለ?»

ጆጉ ባዶ ነበር። ይዤው ሮጥኩ።